ከላይ ሎም፣ ከታች ምን? የሳንታ ክሩዝ ባህር ዳር እርከኖች አፈር

«እርከን» ሲባል ሀገር ቤት ላደገ ሰው ወዲያው የሚታየው በድንጋይ የተካበ ዳገት ነው፤ የኮንሶ ካብ ወይም ገበሬው በዘመቻ ወጥቶ የሠራው የተፋሰስ ሥራ። እዚህ የምጽፍለትን እርከን ግን የሰው እጅ አልሠራውም። ባህር ቆረጠው፣ መሬት አነሣው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ በአውራ ጎዳና 1 ስትነዱ፣ ዴቨንፖርትን አልፋችሁ ሳንታ ክሩዝ እስክትደርሱ፣ በቀኝ ውቅያኖሱ፣ በግራ ደግሞ አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ሜዳዎች አሉ። እንጆሪ፣ አርቲቾክ፣ እንደ ጣት ጫፍ የሚያፈራው ብራስልስ ስፕራውት የሚበቅለው በነዚያ ላይ ነው።

በአንድ ደረጃ ላይ፣ በአንድ አጥር ተለያይተው፣ ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ሊተኙ ይችላሉ። የሁለቱም የላይ አፈር ጠቆር ያለ፣ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈር፣ ተከራይን የሚያስጎመጅ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ግን አንዱ ዝናቡ ባቆመ በሁለት ሦስት ቀን ትራክተር ያስገባል፤ ሌላው ለሳምንታት ቦት ጫማ ይውጣል። የመጀመሪያው በአሜሪካ የአፈር ካርታ ላይ ኤልክሆርን፣ ሁለተኛው ዋትሰንቪል ይባላል። ከላይኛው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትዘግኑ ልዩነታቸውን አታገኙትም።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ሎም»ን «ለም አፈር» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ድምፁ አታሎአቸው ይመስለኛል። ለምነት አፈሩ ለተክል የሚሰጠውን ምግብ ይመለከታል። ሎም የሚናገረው ስለ ቅንጣቶቹ መጠን ብቻ ነው። የደኸየ ሎም አለ፤ ለም ሸክላም አለ፣ ዋልካችን ምስክር ነው። በአሜሪካው መለኪያ ሎም ማለት ሸክላው ከ7 እስከ 27 በመቶ፣ ደለሉ ከ28 እስከ 50 በመቶ፣ አሸዋው ደግሞ ከ52 በመቶ ያልበለጠ ድብልቅ ነው። አሸዋ ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ደለል ከ0.002 እስከ 0.05፣ ከዚያ ያነሰው ሁሉ ሸክላ። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ጠጠር በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ደረጃው እንዴት ተሠራ

ባህር ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ማዕበሉ የዳርቻውን አለት እየመታ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከኋላው ወደ ባህር በጥቂቱ ያዘነበለ ጠፍጣፋ የአለት ወለል ይተዋል። በወለሉ ላይ ስስ የባህር አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ይነጠፋል። መሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲነሣና ባህሩ ሲሸሽ ወለሉ ደረቅ መሬት ይሆናል፤ ቀጣዩ ከፍታ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ደረጃ ይቆርጣል። ስለዚህ የላይኛው ደረጃ ሁልጊዜ ያረጀው ነው። በቤት ግንባታ ልማድ የታችኛው ፎቅ ይቀድማል፤ እዚህ ግን ተገልብጧል።

የመነሣቱን ፍጥነት ለማስላት የሚያስፈልገው የደረጃው ኋላ ጥግ፣ ማለትም ሜዳው ከቀጣዩ ዳገት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። ለምሳሌ የአለቱ ጥግ አሁን 44 ሜትር ላይ ቢሆንና የቆረጠው የ125,000 ዓመት በፊቱ ባህር ቢሆን፣ ያ ባህር ከዛሬው 6 ሜትር ያህል ከፍ ይል ስለነበር፣ የቀረው 38 ሜትር ለ125,000 ሲካፈል በዓመት 0.3 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ስህተት የሚገባው ብዙ ጊዜ የሜዳውን ላይ ገጽ እንደ አለቱ ጥግ አድርጎ በመለካት ነው። ከኋላ ዳገት የወረደ አፈር ጥጉን በብዙ ሜትር ቀብሮት ሊሆን ይችላል። የሳንታ ክሩዝን ዝቅተኛ ደረጃ የየትኛው ዘመን ባህር እንደቆረጠው ራሱ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

ለአፈሩ ዋናው ነገር ግን ከታች ያለው የንብርብር ቅደም ተከተል ነው። ከሥር ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ የጭቃ ድንጋይ አለ። በላዩ የባህር አሸዋና ጠጠር፣ ከዚያ በላይ ከተራራው በጎርፍ የወረደ ደለልና አሸዋ፣ አንዳንድ ቦታ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ይከተላል። ዝናብ ሲገባ በአሸዋው ውስጥ ይወርድና አለቱ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በአለቱ ተዳፋት ወደ ባህር ገደሉ ይሄዳል። ገደሉን ከታች ከባህር ዳር ሆናችሁ ብታዩት፣ አሸዋው ከአለቱ በሚገናኝበት መስመር ላይ እርጥብ ጥቁር ጭረት ወይም አረንጓዴ የሣርና የፈርን ቀበቶ ይታያል። ይህ መስመር ሳትቆፍሩ የምታገኙት ነፃ መረጃ ነው። በበጋ መጨረሻም ካልደረቀ፣ ከበላዩ ያለው ሜዳ ከሥሩ ውሃ አሳድሯል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በአንድ ደረጃ ላይ ደረቅና በደንብ የሚጠነፈፍ አፈር የት እንዳለ መገመት ይቻላል። የመጀመሪያው ቦታ የፊት ጠርዝ ነው፤ ውሃው በገደሉ በኩል መውጫ አለው። ሁለተኛው ደረጃውን ሰንጥቀው የሚወርዱ ጅረቶች ዳር ነው፤ ጅረቱ እንደ ትልቅ ማጠንፈፊያ ቦይ ያገለግላል። ሦስተኛው ከኋላ ተራራ የወረደ የጎርፍ ደለል እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ከ2 እስከ 9 በመቶ የሚሆን ተዳፋት የሠራበት ነው። መጥፎው የሜዳው መሃልና፣ ደለል ያላለበሰው የኋላ ጥግ ነው። ከኋላ ዳገት የሰረገ ውሃ ጥጉ ላይ ይወጣል፤ መሃሉ ደግሞ ወዴትም የሚሄድበት የለውም። ቄጠማ የበቀለበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቄጠማ አይዋሽም።

ዕድሜ ሎምን ያበላሻል

ይህ ክፍል ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ሀገር ቤት ጥልቅና ያረጀ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ውሃን በደንብ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ዕድሜ ከመልካም አፈር ጋር ይያያዛል። በባህር እርከን ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ግን ጊዜ ሸክላን ከላይ አጥቦ ከታች ያከማቻል፣ ፌልድስፓር የተባለውን ማዕድን እያፈረሰ ወደ አዲስ ሸክላ ይለውጣል። ሳንታ ክሩዝ አጠገብ በተጠኑ አምስት ደረጃዎች ዕድሜው ከ65,000 እስከ 226,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የታችኛው ንብርብር ሸክላ እየወፈረ፣ ውሃ የሚወርድበት ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። የመነሻው አሸዋ ግን በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው።

ጫፍ የደረሰውን ማየት የፈለገ ወደ ሰሜን ወደ ሜንዶሲኖ ይሂድ። በሜንዶሲኖና በፎርት ብራግ መካከል በጃግ ሃንድል የተፈጥሮ ጥበቃ ሥፍራ ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው በግምት 30 ሜትር ከፍታና 100,000 ዓመት ዕድሜ እየጨመሩ ይወጣሉ። ታችኛው ደረጃ ላይ ጠቆር ያለ ሎም አፈርና የሣር ሜዳ አለ። በደረጃዎቹ መካከል ባለው ተዳፋት፣ ውሃ በሚጠነፈፍበት ቦታ፣ ሬድዉድና ዳግላስ ፈር የተባሉት ዛፎች ሰማይ ጠቀስ ሆነው ይቆማሉ። ከፍ ባለው ጠፍጣፋ ላይ ግን የላይኛው አፈር እንደ አመድ ነጥቶ፣ ከሥሩ ብረት እንደ ሲሚንቶ ያጣበቀው ጠጣር ንጣፍ ተቀምጧል። አሲድነቱ ፒ.ኤች 4 እና ከዚያም በታች ይደርሳል። ክረምት ውሃው ንጣፉ ላይ ይተኛል፣ በጋ ይደርቃል። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ጥድ ከሰው ቁመት ሳያልፍ የሚቀርበት ድንክ ደን የሚባለው እዚህ ነው። የበርክሌዩ ሃንስ ዬኒ በ1941 አፈርን የሚሠሩትን አምስት ነገሮች፣ ማለትም የአየር ንብረትን፣ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥን፣ የመነሻ ቁስንና ጊዜን፣ በአንድ ቀመር አስቀምጦ ነበር። በ1969 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚሁ ድንክ ደን አፈር ጽፏል። አራቱን አጽንቶ ጊዜን ብቻ የሚለዋውጥ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ በደንብ የሚጠነፈፍ የእርከን ሎም ወይ ወጣት ነው፣ ወይ ጠርዝ ላይ ነው፣ ወይ ከላይ አዲስ ደለል የለበሰ ነው። ከሦስቱ አንዱንም ካላገኛችሁ ላይኛው አፈር ምንም ያህል ቢያምር ተጠራጠሩ።

ጉድጓዱ

ወቅቱ ወሳኝ ነው። የካሊፎርኒያ ዝናብ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው፤ ሴፕቴምበር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ ደረቅና ደግ ይመስላል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች፣ ጥሩ ዝናብ ከጣለ ከሁለት እስከ አራት ቀን በኋላ ቆፍሩ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ከዚያ ወለሉ ላይ በእጅ መሰርሰሪያ እስከ 1.8 ሜትር ውረዱ። ሙሉውን በአካፋ ለመቆፈር አትሞክሩ። አሸዋማ ሎም ሳያስጠነቅቅ ይናዳል፤ 1.5 ሜትር የደረሰ ጉድጓድ ግድግዳው ሳይደገፍ ሰው አይገባበትም።

ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ በቢላ ጫፍ ፈልቅቁት እንጂ በአካፋ አታለስልሱት፤ አካፋ ሸክላውን ቀብቶ ስንጥቁንና የሥር ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በቢላ እየወጋችሁ ሂዱ። ቢላው በድንገት የሚቆምበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ሥሮች ወደ ጎን ታጥፈው ካገኛችሁ እዚያው ነው። በዋትሰንቪል ይህ ቦታ 45 ሴ.ሜ ገደማ ላይ ይመጣል፤ ከላይ ሎም፣ ትንሽ የነጣ ስስ ንብርብር፣ ከዚያ ወዲያው ድፍን ሸክላ። በኤልክሆርን ደግሞ ጠቆር ያለው አሸዋማ ሎም ግማሽ ሜትር ያህል ይወርድና ቀስ እያለ ወደ አሸዋማ ሸክላ ሎም ይለወጣል። ሸክላ አለው፤ ግን አሸዋው ስላልጠፋ ውሃው መንገድ አያጣም።

የእያንዳንዱን ንብርብር ድብልቅ በእጅ ለዩ። እፍኝ አፈር ወስዳችሁ ጠጠሩን አውጡ፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ለአንድ ደቂቃ እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል እንደ ጥብጣብ ግፉት። ከ2.5 ሴ.ሜ በፊት ከተቆረጠ በሎሞች ክልል ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ሸክላ ሎም፤ ከ5 ካለፈ ሸክላ። በተጨማሪ ጆሮአችሁ አጠገብ እሹት፤ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ደለል እንደ ዱቄት ይለሰልሳል እንጂ አይጣበቅም፤ ጀማሪ ደለልን ሸክላ ብሎ የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ለማረጋገጥ የማሰሮ ሙከራ አለ። የተነፋውን አፈር በቀጥ ያለ ብርጭቆ ማሰሮ አንድ ሦስተኛ ሙሉ፣ ውሃና አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃ በደንብ አናውጡ። በአንድ ደቂቃ የተዘቀጠው አሸዋ ነው፤ ምልክት አድርጉ። በሁለት ሰዓት የተጨመረው ደለል፤ በአንድ ወይም ሁለት ቀን የቀረው ሸክላ። ጠቅላላው 12 ሴ.ሜ ሆኖ አሸዋው 6፣ ደለሉ 4.2፣ ሸክላው 1.8 ቢሆን 50፣ 35፣ 15 በመቶ ነው፤ ሎም። ሸክላ ውሃ ይዞ ስለሚነፋ ማሰሮው ከትክክለኛው ይልቅ ብዙ ሸክላ ያሳያል። ድንበር ላይ ያለ አፈር ከሆነ ውጤቱን ለላቦራቶሪ ተዉት።

ቀለም ከሁሉ በላይ ይናገራል። አየር ያለው አፈር ውስጥ ብረት ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ውሃ ተኝቶበት አየር ሲያጣ ብረቱ ይሟሟና ይሄዳል፣ የተራቆተው ቦታ ግራጫ ይሆናል፤ አየር ባገኘበት ዳር ደግሞ ብርቱካናማ ዝገት ይከማቻል። የአፈር ቀለም በቁጥር በሚለካበት በማንሴል የቀለም ደብተር ክሮማው፣ ማለትም የቀለሙ ድምቀት፣ 2 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ግራጫ ነጠብጣብ ከታየ ውሃ እዚያ ይቆያል ማለት ነው። ብዙ ቀያሾች የሚሠሩበት ልክ ይህ ነው፦ የእርጥበት ምልክቱ ከ100 ሴ.ሜ በታች ከሆነ በደንብ የሚጠነፈፍ፣ ከ50 እስከ 100 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ25 እስከ 50 በመጠኑ ደካማ፣ ከዚያ በላይ ከመጣ ደካማ።

ነገር ግን በባህር እርከን ላይ ቀለም ሁለት ጊዜ ያታልላል። አንደኛ፣ የጥንት ዥጉርጉር አለ። ጅረቱ ደረጃውን ሳይሰነጥቀው በፊት መሬቱ ረግረግ ከነበረ፣ ዛሬ ደርቆም ግራጫውና ብርቱካኑ ሳይጠፋ ይቆያል። የነጠብጣቡን ጠርዝ ተመልከቱ፤ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጥርት ካለ ብዙውን ጊዜ የድሮ ነው፣ እየደበዘዘ ወደ ዙሪያው ከገባ አሁንም የሚሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ከአለቱ የወረሰው ቀለም አለ፤ የጭቃ ድንጋይ ስባሪ በተፈጥሮው ግራጫ ነው፣ ውሃ አያውቀውም። ጥርጣሬ ካለ አልፋ-አልፋ ዳይፒሪዲል የተባለውን ፈሳሽ በእርጥብና አዲስ በተፈለቀቀ አፈር ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ አየር ያጣ ብረት ካለ ይቀላል። በደረቅ ወቅት ግን አይሠራም።

የውሃ መውረድን በቀጥታ ለመለካት 30 ሴ.ሜ ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሙሉት፣ ሌሊቱን ይደር፣ በማግስቱ እንደገና ሙሉትና በየሰዓቱ በማስመሪያ ለኩ። በሰዓት ከ2.5 እስከ 7.5 ሴ.ሜ መልካም ነው። ከ2.5 በታች ቀርፋፋ፤ ከ10 በላይ ደግሞ ውሃም ማዳበሪያም አይዝም። የመጀመሪያውን ቀን ልኬት አትመዝግቡ፤ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ይጠጣል፣ ያ ጥማት እንጂ ማጠንፈፍ አይደለም። በዋትሰንቪል ላይ የተቆፈረ 30 ሴ.ሜ ጉድጓድ በደረቅ ወቅት መልካም ውጤት ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሸክላውን አልደረሰበትም። ሁለተኛ ጉድጓድ እስከ 60 ሴ.ሜ አውርዱ።

ስሙን ከኋላ ማንበብ

የኤልክሆርን ሙሉ ስም በአሜሪካው የአፈር ምደባ እንዲህ ይነበባል፦ ፋይን-ሎሚ፣ ሚክስድ፣ ሱፐርአክቲቭ፣ ቴርሚክ ፓኪክ አርጂዜሮልስ። ሲታይ ያስፈራል፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ሲፈታ ግን እንደ ዘር ሐረግ ነው። «ኦልስ» ማለት ሞሊሶል ነው፤ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ፣ ያልተራቆተ የላይ አፈር ያለው። ለዚህ ማዕረግ ኦርጋኒክ ካርቦኑ ቢያንስ 0.6 በመቶ፣ በእርጥብነቱ የቀለም ቫልዩውም (ብሩህነቱ) ክሮማውም ከ3 ያልበለጠ፣ ከአሲዱ ይልቅ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና መሰሎቻቸው የያዙት ድርሻ፣ የቤዝ ሙሌት የሚባለው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሙሌቱ ከ50 ከወረደ፣ ቀለሙ ጥቁር ቢሆንም ሞሊሶልነቱ ይቀራል፤ ዝናብ በሚበዛበት ሰሜን ይህ ያጋጥማል። በዓይን አይታወቅም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

«ዜር» በጋው ደረቅ ክረምቱ ዝናባማ መሆኑን ይናገራል። «አርጂ» ደግሞ ከላይ የታጠበ ሸክላ ከታች የተከማቸበት ንብርብር አለ ማለት ነው። መመዘኛው ቀላል ሒሳብ ነው፦ የላዩ ሸክላ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ የታቹ ቢያንስ በ3 መጨመር አለበት፤ ከ15 እስከ 40 ከሆነ 1.2 እጥፍ፤ ከ40 ካለፈ በ8። ላዩ 12 ከሆነ ታቹ 15፣ ላዩ 20 ከሆነ ታቹ 24 ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ በአፈሩ ጓል ገጽ ላይ እንደ ሰም የሚያብረቀርቅ የሸክላ ሽፋን በማጉያ መስተዋት መታየት አለበት። አለበለዚያ ሁለት የተለያዩ ጎርፎች ያስቀመጡት ደለል ሊሆን ይችላል፣ በእርከን ላይ ደግሞ ይህ በጣም የተለመደ ነው። «ፓኪክ» ጠቆር ያለው ከ50 ሴ.ሜ በላይ ወፍራም ነው ይለናል።

«ቴርሚክ» በ50 ሴ.ሜ ጥልቀት የሚለካ ሙቀት ነው፤ ዓመታዊ አማካዩ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ፣ የበጋና ክረምት ልዩነቱ 6 ወይም ከዚያ በላይ። ጉም በጋውን በሚያቀዘቅዝበት በባህሩ አፋፍ ላይ ልዩነቱ ከ6 ሊያንስ ይችላል፤ ያኔ ስሙ «አይሶ» የሚል ቅጥያ ያገኛል። «ሱፐርአክቲቭ» ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ በሸክላው መጠን ሲካፈል 0.60ና ከዚያ በላይ ነው፤ ሸክላው 25 በመቶ ሆኖ አቅሙ 17 ከሆነ 0.68።

አሁን ወደ «ፋይን-ሎሚ»። ይህ ቃል ሸክላው ከ18 እስከ 35 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ግን የሚለካው ላይኛው አፈር ላይ አይደለም። ሸክላ የተከማቸበት ንብርብር ካለ፣ የዚያ ንብርብር የላይኛው 50 ሴ.ሜ ነው የሚለካው። ካርታው ላይ «ኤልክሆርን አሸዋማ ሎም፣ ከ2 እስከ 9 በመቶ ተዳፋት» የሚለው ስም ውስጥ ያለው «አሸዋማ ሎም» ግን የላይኛው አፈር ነው። አንድ አፈር፣ ሁለት ቃል፣ ሁለት ጥልቀት። የዋትሰንቪል ካርታ ስም «ዋትሰንቪል ሎም» ነው፤ የምደባ ስሙ ግን «ፋይን፣ ስሜክቲቲክ፣ ቴርሚክ ዜሪክ አርጂያልቦልስ» ይላል። ላዩ ሎም፣ የምደባው ልብ የሚያብጥ የሚሰነጠቅ ሸክላ፣ «አልብ» ደግሞ በመካከል ያየነው የነጣ ንብርብር ነው። የካርታውን የመጀመሪያ ቃል ብቻ አንብቦ መሬት የተከራየ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ባለሙያ በብዛት የሚያውቀው በፋኦ መሠረት የተጀመረውን ዓለም አቀፍ ምደባ ስለሆነ ልተርጉም። ኤልክሆርን ወደ ሉቪክ ፌኦዜም ይጠጋል። ዋትሰንቪል ደግሞ ከፕላኖሶል ጎራ ነው፦ ቀለል ያለ ላይ፣ በድንገት ከባድ ታች፣ በመካከል የቆመ ውሃ። በጅማ አካባቢ በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ያለውን ፕላኖሶል የሚያውቅ ሰው፣ ባህር አይቶ ባያውቅም፣ የዋትሰንቪልን ጠባይ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሲታረስ የሚበላሸው

በደንብ የሚጠነፈፍ ማለት የማይበላሽ ማለት አይደለም። አሸዋማ ሎም እርጥብ ሳለ ትራክተር ሲሄድበት ከየትኛውም አፈር ይልቅ ይጠቀጠቃል፤ የተለያየ መጠን ያለው ቅንጣት አንዱ በሌላው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ ላይ የማረሻ ንጣፍ ይፈጠራል። የአፈሩ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.6 ግራም ሲያልፍ ሥር ይቸገራል፣ 1.8 ሲደርስ ይቆማል። ኤልክሆርን ላይ ውሃ ከቆመ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። በደረቅ ወቅት በጥልቅ ማረሻ ይሰበራል። ዋትሰንቪል ላይ ግን ያው ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተሰነጠቀው ሸክላ በመጀመሪያው ክረምት አብጦ ይዘጋል። እዚያ የሚያዋጣው መደቡን 30 ሴ.ሜ ከፍ ማድረግና ውሃውን ሸክላው ሳይደርስ በጎን ማውጣት ነው። ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም ከበዛ ብቻ ነው፣ ማለትም ከተለዋዋጭ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ሶዲየም ከ15 በመቶ ካለፈ። ከዚያ ውጭ ጆንያ ማጓጓዝ ነው።

እንጆሪ በፕላስቲክ ሲሸፈን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ዝናቡ መደቡ ውስጥ መግባት ስለማይችል ሁሉም በመተላለፊያው ቦይ ይሮጣል፤ 5 በመቶ ተዳፋት ላይ አሸዋማ ሎም በአንድ ብርቱ ዝናብ የጉልበት ጥልቀት ያለው ቦረቦር ይከፍታል። ቦዮቹን ከተዳፋቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ማውረድ የዚህ ሁሉ መነሻ ነው። በኮንቱር፣ ማለትም በእኩል ከፍታ መስመር፣ ማስኬድ፣ ቦዩ ውስጥ ገብስ መዝራት፣ ታች ላይ ውሃውን በቧንቧ ማውረድ የተለመዱት መፍትሔዎች ናቸው። ገብሱ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት መብቀል አለበት፤ ኖቬምበር መጨረሻ የተዘራ ጎርፉን አይቀድምም።

ከሳንታ ክሩዝ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በፓሃሮ ሸለቆና በሳሊናስ ባህር ዳር ያሉ የውሃ ጉድጓዶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ከመጠን በላይ ስለተቀዳባቸው የባህር ውሃ ገብቶባቸዋል። ጨዋማ ውሃ ለሎም ሁለት ጉዳት አለው፦ ጨው ተክሉን ያስጠማል፣ ሶዲየም ደግሞ የአፈሩን ፍርፋሪ ፈትቶ ላዩን ቅርፊት ያደርገዋል። እንጆሪ ከሁሉ ስስ ነው፤ የአፈር ጨዋማነት በጨው መለኪያው በሜትር 1 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ምርቱ መውረድ ይጀምራል። አፈሩ በደንብ ስለሚጠነፈፍ ተጨማሪ ንጹሕ ውሃ አጠጥቶ ጨውን ማጠብ ይቻላል፤ ያው ውሃ ግን ናይትሬቱንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ የሚታጠበው ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም።

የፊት ጠርዙን ከሁሉ የተሻለ የተጠነፈፈ ቦታ ብዬዋለሁ፤ ግን እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ማጠጣት አይገባም። የተጨመረው ውሃ ወርዶ አለቱ ላይ ይደርስና በገደሉ ፊት ይወጣል። በዚያ መስመር ላይ አሸዋው ከሥር እየታጠበ ሲሄድ ከላይ ያለው ጠርዝ በክረምት ማዕበል ጊዜ ቁራሽ በቁራሽ ይወርዳል። ጠብታ መስኖ ተጠቀሙ፣ ከገደሉ ራቅ ያለ ሣር የለበሰ ቀበቶ ተዉ፣ የማሳው ማጠንፈፊያ ቧንቧ አፉ በገደሉ ግንባር ላይ እንዳይከፈት አድርጉ። መሬቱን ስትከራዩም የማሳውን ካርታ ሶይልዌብ በተባለው የኢንተርኔት የአፈር ካርታ ላይ ብቻ አትዩ፤ ካርታው በ1፡24,000 ልኬት የተሠራ ነው፣ ከሁለት ሄክታር ያነሰ የዋትሰንቪል ቁራጭ በኤልክሆርን ቀለም ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል። ሦስት ጉድጓድ፦ አንዱ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ኋላ ጥጉ ላይ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።